የአደን ድርጅቴን ልሸጥ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦
ሥራዬ አዳኞችን እየመሩ ጫካ መግባት ነው። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ልጆቼም አይፈልጉትም። የድንኳንና የመኪና ዋጋ ይታወቃል። ዋናው ሀብቴ ግን በየዓመቱ የሚመለሱት ደንበኞቼ ናቸው። ለመጪው ወቅትም ቀብድ ተቀብያለሁ። እንዴት ይሸጣል? ሥራውስ ወደፊት ያዋጣል?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፈቃድህንና የአደን ቀጠናውን ውል አውጥተህ አንብብ። ብዙ ቦታ ፈቃድ ለገዢ አይተላለፍም። ካልተላለፈ የምትሸጠው ድንኳን ብቻ ነው። ቀብዱን ደግሞ እንደ ገቢ አትቁጠረው። ደንበኛው እስኪስተናገድ ድረስ ዕዳ ነው፤ ለብቻው አስቀምጥና ለገዢው አስረክብ።

መልስ 2፦
ስለ ወደፊቱ እውነቱን ልንገርህ። ኬንያ በ1977 እ.ኤ.አ. የትልልቅ እንስሳትን አደን ከልክላ እስካሁን አልመለሰችም። ቦትስዋና በ2014 እ.ኤ.አ. ዘግታ በ2019 እ.ኤ.አ. ከፈተች። አንድ የመንግሥት ውሳኔ ሥራውን ባንድ ጀንበር ያቆመዋል። ገዢም ይህን ስለሚያውቅ ከፊሉን በየዓመቱ ልክፈል ሊልህ ይችላል።

መልስ 3፦
ደንበኞቹ የሚመጡት ላንተ ብለው ነው። ስለዚህ አንድ ወቅት ከገዢው ጋር አብረህ ውጣ። ማታ እሳት ዳር እሱ ያጫውታቸው፣ አንተ ዝም በል። ዱካ ተከታዮችህንም አደራ፣ ሥራቸው እንዲቀጥል ውሉ ላይ አስገባ። እንስሳቱ የት ውኃ እንደሚወርዱ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።