ከኮምቦልቻ ወርደን ጅቡቲ ላይ ሙሉ ቀን የባሕር ወለል ዓሣ ልናጠምድ ነው፤ ምን ጠይቀን፣ ምን ይዘን እንውጣ?

ጥያቄ፦ ቦርከና ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ሆነን ኅዳር መጨረሻ ላይ በባቲ፣ በሚሌ አድርገን ጅቡቲ እንወርዳለን። አንድ ጀልባ ከነካፒቴኑ ለሙሉ ቀን ልንከራይ ነው። የምንፈልገው ላይ ላዩን የሚዋኘውን ሳይሆን ከባሕሩ ወለል፣ ከድንጋዩ ሥር የሚወጣውን ዓሣ ነው። አራታችን ባሕር አይተን አናውቅም፤ የያዝነው ዓሣ ቢኖር ሐይቅ ላይ በሸምበቆ ያወጣነው ቆሮሶ ነው።

ከባለጀልባው ጋር ምን ምን እንነጋገር? ዕቃውን እኛ እንሰጣለን ብለውናል፣ ይበቃል? ማስመለሱንስ እንዴት እናድርገው? የያዝነውን እስከ ኮምቦልቻ ማምጣትስ ይቻላል? ሁለቱ ጓደኞቻችን የነቢያት ጾም ላይ ናቸው፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እባካችሁ እዚህ አታምጡብን።

መልስ፦ ሐረጎ

ወንድማለም፣ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን አጥሩት። ባለጀልባው "አምስት ሰዓት እንነሳለን" ካላችሁ በእኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት ማለቱ ነው። ረፋድ በ5 ወደብ ብትደርሱ ጀልባውም ጸጥ ያለው ጠዋትም ሄዷል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚነሳ የቀኑ ዋና ሥራ የሚሠራው እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ዋጋው በጀልባ ነው በሰው? ነዳጅ፣ በረዶ፣ ማባበያ፣ ምሳና ዓሣ ማጽዳት ውስጡ አሉ? "ሙሉ ቀን" ሲሉ ከወደብ ወደብ ነው ወይስ ክር ውኃ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ? ስምንት ሰዓት ብለው ሦስቱን መንገድ ላይ ቢያጠፉት እናንተ የከፈላችሁት ለአምስት ነው። ነፋስ ቢነሳና ባይወጣ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል? ይህን በቃል አትተዉት፣ በቴሌግራም ጽፎ ይላክላችሁ። በዶላር ቢጠሯችሁ 1 ዶላር 177 የጅቡቲ ፍራንክ ግድም ነው፤ ተመኑ ለብዙ ዓመታት ከዚያ ፈቀቅ አላለም፣ ስለዚህ "ዛሬ ተለውጧል" የሚል ካለ አትስሙት።

ጅቡቲ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። ጀልባ የሚወደደውም የሚጠፋውም ያኔ ነው፤ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ያዙ። ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ጥብቅ ክልል ስለሆነ "እዚያው ቅርብ ልጣላችሁ" የሚል ካፒቴን ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ፓስፖርትና ቪዛ ለስድስታችሁም፤ ጀልባ ላይ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ይታሰር።

ከመሳፈራችሁ በፊት በዓይናችሁ የምታዩት ደግሞ በሰው ቁጥር ልክ ላይፍ ጃኬት፣ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ሁለተኛ ሞተር ወይም ቢያንስ መቅዘፊያ ነው። ላይፍ ጃኬቱ ወንበር ሥር ታጭቆ ከሆነ አስወጥታችሁ ልበሱት፤ መቆለፊያው የሚሠራ መሆኑ የሚታወቀው ሲለበስ ብቻ ነው።

መልስ፦ ጦሳ ሥር

ስለ ማስመለሱ። መድኃኒቱ የሚሠራው ሳይጀምር ሲወሰድ ነው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ተመልሶ ይወጣል። ፕሮሜታዚን፣ ዳይመንሃይድሪኔት ወይም ሜክሊዚን ከፋርማሲ ጠይቁ። ሦስቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ፕሮሜታዚን ይብሳል። ጀልባ ከመሳፈር አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዋጣል፤ የሚያድር ድካም እንዳይዛችሁ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሞክሩት። በዚያ ቀን መኪና የሚነዳ ሰው እንዳይወስድ። የደም ግፊት፣ የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው ለፋርማሲስቱ ቀድሞ ይናገር።

ባዶ ሆድም የተጨናነቀ ሆድም ያውካል። ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ ጥሩ ነው፤ ለጾመኞቻችሁም ይሆናል። ማታውን ቅቤ የበዛበት ነገርና መጠጥ ተዉ። ጫት ይዞ መውጣትም ሐሳብ ካላችሁ ጣሉት፣ አፍ ያደርቃል ውኃ ያስጠማል። ጀልባው ላይ መሃልና ወደ ኋላ ተቀመጡ፤ አፍንጫው ላይ ያለ ሰው እንደ ጋሪ ይናጣል። ዓይን አድማሱ ላይ ይሁን። ስልክ ማየት፣ ጎንበስ ብሎ መንጠቆ መቋጠር፣ የጭስ ማውጫው አጠገብ መቆም፤ እነዚህ ሦስቱ ደህናውንም ሰው ይጥላሉ። የሚያስመልሰው ሰው ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ይዙር።

ከደጋ ለሚወርድ ሰው ፀሐዩ ከሙቀቱ ይከፋል። ውኃው ብርሃኑን ከታች ስለሚመልሰው ባርኔጣ ያደረገውም አገጩና አንገቱ ይቃጠላል። እጅጌ ረጅም ሸሚዝ፣ ነጠላ ወይም ሽርጥ ለአንገት፣ ለሰው 4 ሊትር ውኃ፣ ሁለት ሁለት ከረጢት ኦአርኤስ ያዙ።

መልስ፦ የወደብ ሰፈር

ዕቃውን በተመለከተ የእነሱ ዘንግና ማጠንጠኛ ይበቃችኋል፤ መጨረሻ ላይ የሚታሰረውን ግን የራሳችሁን ሥሩ። ዓሣ የሚጠፋው እዚያ ነው።

ለ30 እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ዋናው ክር የተጎነጎነው ዓይነት ይሁን፣ ከ25 እስከ 35 ኪሎ የሚችል። ናይለን እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጥ 50 ሜትር ታች የነከሰው ዓሣ እጃችሁ ላይ አይሰማም። ጫፉ ላይ ግን 40 ኪሎ የሚችል ወፍራም ናይለን ሁለት ሜትር ግድም ይታሰራል፤ የተጎነጎነው ክር ድንጋይ ሲነካ እንደ ፈትል ይበጠሳልና። በዚያ ናይለን ላይ ሁለት ቅርንጫፎች አውጡ፣ እያንዳንዱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው 60 ሳንቲ ሜትር። ከዚህ ቢጠጋጉ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ። ከታች እርሳሱ ይታሰራል።

እርሳሱን ያንኑ ወፍራም ክር ላይ አትሰሩት። 10 ኪሎ በሚችል ቀጭን ክር አንጠልጥሉት። ወለሉ ኮራልና ድንጋይ ስለሆነ የሚወሸቀው አብዛኛውን ጊዜ እርሳሱ ነው፤ ሲጎተት ቀጭኑ ይበጠስና መንጠቆውና ዓሣው ይቀራሉ። ለአንድ ሰው በቀን ከ6 እስከ 8 እርሳስ ቁጠሩ። ክብደቱ ውኃው ጸጥ ሲል 200 ግራም፣ ሲሄድ 400። መለያው ክሩ ነው፤ ቀጥ ብሎ መውረድ ሲገባው እንደ ድንኳን ገመድ ካዘነበለ ክብደት ጨምሩ። ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ውኃው በኃይል ስለሚሄድ ቀን ስትመርጡ ይህንንም አስቡት።

መንጠቆው ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው ክብ ዓይነት ይሁን፣ ቁጥር 6/0። ማባበያ ስኩዊድ (ብዙ ክንድ ያለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ)፦ 2 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ፣ አንዱ ጫፉ ላይ አንዴ ብቻ ይወጋና ሌላው ይንጠልጠል። ብዙ ጊዜ ጠምዝዞ መውጋት ሲወርድ እንደ እንዝርት እንዲሽከረከር ያደርገዋል፣ ክሩ በሙሉ ይጠማዘዛል። የመንጠቆው ጫፍ በሥጋ አይሸፈን።

ጥያቄ፦ ቦርከና ማዶ

አላህ ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ሲነክስ እንዴት እናውቃለን? ድንጋይ ውስጥ ቢገባብንስ?

መልስ፦ የወደብ ሰፈር

ማጠንጠኛውን ስትከፍቱ አውራ ጣታችሁ ክሩን ቀለል አድርጎ ይንካ፣ ካልሆነ እርሳሱ ቆሞ ክሩ መፍሰሱን ይቀጥልና ይቆላለፋል። እርሳሱ ወለል ሲመታ "ጠብ" የሚል ስሜት ዘንጉ ላይ ይመጣል፣ ክሩም ይላላል። ወዲያው ዝጉና ሁለት ዙር አንሱ። ጀልባው እየተንሳፈፈ ስለሆነ በየደቂቃው ወለሉን መልሳችሁ ፈልጉት፤ ጥልቀቱ ይለዋወጣል።

ትንንሾቹ "ቲክ ቲክ ቲክ" እያሉ ይቆነጥራሉ፤ ዝም በሏቸው። ትልቁ ሲመጣ ዘንጉ ጎብጦ ይቀራል። እዚህ ላይ ከሐይቅ የመጣ ሰው የሚሠራው ስህተት ዘንጉን ወደ ላይ መንጨት ነው። ክብ መንጠቆ ሲነጭ ከአፉ ይወጣል። ዝም ብላችሁ ማጠንጠን ጀምሩ፣ ዓሣው ራሱ ሲዞር ከንፈሩ ጥግ ላይ ይገባል። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ሜትር ምንም ሳታፋታ በፍጥነት አንሳ፤ ዓረቦቹ ሃሙር የሚሉት ግሩፐር የሚኖረው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ የሚታገለው ወደዚያ ለመመለስ ነው። የማጠንጠኛው ፍሬን ከ7 እስከ 9 ኪሎ ላይ ይጥበቅ፤ ከላላ ዓሣው ቤቱ ይገባል፣ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ለጀማሪ ክንድ አይሆንም።

ከገባ ደግሞ አትጎትቱ። ክሩን አላሉትና ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ጫናው ሲቀርለት ስንጥቡንና ክንፉን ከድንጋዩ ያላላና ብቅ ይላል፤ ክሩ ሲንቀሳቀስ ስታዩ ያኔ በአንድ ትንፋሽ አንሱ። ሁልጊዜ አይሳካም፣ ግን በጉልበት ከመበጠስ ይሻላል። የተጎነጎነ ክር በባዶ እጅ ጠምጥሞ መሳብ ጣት ይቆርጣል፤ በጓንት እንኳ አትጠምጥሙት፣ ብረት ላይ ጠምጥሙ።

መልስ፦ ጦሳ ሥር

የሚወጣውን ዓሣ ሁሉ እጃችሁን ዘርግታችሁ አትቀበሉ። አንበሳ ዓሣና ድንጋይ ዓሣ የሚባሉት የጀርባ እሾኻቸው መርዝ አለው፤ ክሩን ቆርጦ መንጠቆውን መተው ነው። የወጋው ሰው ካለ ሕመሙ ያስጮኻል። የተወጋውን ቦታ በሚችለው ሙቅ ውኃ፣ ወደ 45 ዲግሪ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር መርዙን ያደክመዋል። ሙቀቱን በጤነኛው እጅ ለኩ፣ የደነዘዘ እጅ መቃጠሉን አያውቅም። ስለዚህ አንድ ፔርሙዝ ለሻይ፣ አንድ ለዚህ ያዙ። ከዚያ ሐኪም ቤት። ሲነካ እንደ ኳስ የሚነፋውን ዓሣ ደግሞ ማንም ቢል አትብሉት፤ መርዙ ሲበስል አይጠፋም።

መልስ፦ ሐረጎ

የማትፈልጉትን ትንሽ ዓሣ ስለመመለስ አንድ ነገር ልጨምር። 40 ሜትር ታች ያለው ጫና ላይ ካለው አምስት እጥፍ ነው። ዓሣው ቶሎ ሲወጣ ውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋና ሆድ ዕቃውን በአፉ ያወጣዋል። ሮዝ ፊኛ የመሰለው ነገር ጨጓራው ነው፤ "አየሩን ላስተንፍስለት" ብሎ በቢላ መውጋት መግደል ነው። ዝም ብሎ መወርወርም ያው ነው፣ እየተንሳፈፈ የወፍ ቀለብ ይሆናል። ኋላ የዞረው መያዣ እሾኹ ተሞርዶ የጠፋ መንጠቆ ገልብጣችሁ 2 ኪሎ እርሳስ ላይ እሰሩ፣ የዓሣውን የታች ከንፈር አንጠልጥሉበትና አውርዱት፤ ታች ሲደርስ አንዴ ነቅ ስታደርጉት ይለቀዋል።

መልስ፦ ሆጤ

ዓሣውን ለማምጣት አብሽሩ፣ ይቻላል። እንደወጣ ስንጥቡን ቆርጣችሁ ባልዲ ውስጥ አምስት ደቂቃ ደሙን አፍስሱት። ለሙስሊሞቹ፣ ይህ ለዓሣው ጥራት ነው እንጂ ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም። ከዚያ ሁለት እጅ የተፈጨ በረዶ ለአንድ እጅ የባሕር ውኃ ተቀላቅሎ እዚያ ውስጥ ይግባ፤ ውኃ የሌለው በረዶ ላይ ከማስተኛት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ማታ ሆድ ዕቃው ይውጣ፣ በላስቲክ ይጠቅለል፣ አንድ ኪሎ ዓሣ ለአንድ ኪሎ አዲስ በረዶ። የሳጥኑ የውኃ ማውጫ ክፍት ይሁን፤ በቀለጠ ውኃ ውስጥ የዋለ ሥጋ ይልማል።

መልስ፦ ጦሳ ሥር

ሆጤ፣ ስለ በረዶው አልከራከርህም፤ ስለ አፋር መንገድ ግን እከራከራለሁ። ኬላ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ አያውቁም። በተለይ ቱናና ደራክ የመሳሰሉት ላይ ላዩን የሚዋኙ ዓሣዎች ሲሞቁ ሂስታሚን ያመርታሉ፣ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል፣ ማብሰልም አያጠፋውም። የበላ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ ይመታል። እነዚያን እዚያው ብሉ። ማምጣት ካለባችሁ ግሩፐርና ስናፐር ብቻ፣ በአንድ ሌሊት ፍሪዘር ድንጋይ እስኪሆን ደርቆ፣ ሳጥኑ ሚሌ ላይ ተከፍቶ በረዶ ይጨመርበት። ኮምቦልቻ ሲደርስ መሃሉ አሁንም ጠንካራ ካልሆነ ጣሉት።

መልስ፦ ሆጤ

የፍሪዘሩን እቀበላለሁ። ማረፊያ ስትይዙ ፍሪዘር ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ ያ ከሌለ እኔም አታምጡ እላለሁ።

መልስ፦ የወደብ ሰፈር

በኅዳርና በታኅሣሥ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ግዙፉ ነጠብጣብ ሻርክ ይመጣል። ሰው አይነካም፣ ግን ጀልባው አጠገብ ከታየ ክራችሁን ሰብስቡ።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ውረዱና እርሳሱን መጣልና ወለል ማግኘት ተለማመዱ። ዳር ዳሩን፣ ከ5 እስከ 10 ሜትር ባለው ብቻ፤ ሐይቃችን መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ቢጠልቅም ታችኛው ውኃ ኦክስጅን ስለሌለው እዚያ ዓሣ አይጠበቅም። አምባዛ ቢይዝላችሁ የክብ መንጠቆውን ነገር በደንብ ያስተምራችኋል። ቋጠሮውንም እዚያው ደጋግሙት፤ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፣ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በራሱ ሙቀት ይዳከምና 40 ኪሎ የሚለው ክር 20 ላይ ይበጠሳል።