የአባቴ ሬዲዮ ባትሪ፦ አቅሙን እንዴት ልለካ? በ18650 ልተካው እችላለሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ ትንሽ ሬዲዮ የሚሠራው በቢኤል-5ሲ ነው፣ በዚያ በድሮው የኖኪያ ስልክ ባትሪ። ላዩ ላይ 1020 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይላል፤ መብራት በጠፋ ማታ ግን ዜናውን ሳያስጨርስ ይዘጋል።

ሞልቶ ሲወጣ በማልቲሜትር 4.15 ቮልት አገኛለሁ። ይህ መሙላቱን እንጂ ምን ያህል መያዙን አይነግረኝም። ስለዚህ በ10 ኦም ሬዚስተር 3 ቮልት እስኪደርስ ላወርደውና ቮልቴጁን በየ10 ደቂቃው ልመዘግብ አሰብኩ። ሲጀምር 400 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል፣ እየቆየ ይቀንሳል። አማካዩን በሰዓቱ ማባዛት ይበቃል? ሬዚስተሩ ስለሚግል ባለ 5 ዋቱን መርጫለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይብስብኛል። ከተበላሸ ላፕቶፕ ባትሪ የወጡ 18650 ሴሎች (ክብ ዘንግ የሚመስሉ የሊቲየም ባትሪዎች) አሉኝ። (ገበያ ላይ 9900 ሚሊአምፔር-ሰዓት የተጻፈባቸውን አልገዛም፤ የዚህ መጠን ሴል ጥሩ የሚባለው 3500 አካባቢ ነው።) ቮልቴጃቸው ከአሮጌው ጋር አንድ ነው፣ መከላከያ ሰርኪዩት (ከመጠን በላይ ከመሙላትና ከመራገፍ የሚጠብቅ) ግን የላቸውም። ጓደኛዬ አንዱን ከአሮጌው ጋር በፓራሌል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) አገናኘው ይለኛል። እኔ አልተዋጠልኝም፤ አንዱ ሞልቶ ሌላው ከጎደለ ከረንቱ በአንዴ ይጎርፋል። አሮጌውን አውጥቼ አንድ 18650 ብቻ ከመከላከያ ቦርድ ጋር ባስገባስ? የሬዲዮው ቻርጀር ቀስ ብሎም ቢሆን በደህና ይሞላዋል? የቢኤል-5ሲውን መሃለኛ ጫፍ ባዶ ብተወውስ ሬዲዮው ይነሳል?

ሴሉን በቀጥታ መበየድም ያስፈራኛል፣ ሙቀት ይጎዳዋል። የሞከራችሁ ካላችሁ ምን ተጠቀማችሁ?