ወሊድ ፈቃድ ስወጣ የ3 ዓመት ልጄን ከዴይኬር ላስወጣው ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር እናት፣ ቀበና

ሰላም እናቶች፣ ሰላም አባቶች። ጨንቆኝ ነው የጻፍኩት። ሁለተኛ ልጄን አርግዣለሁ፤ ቀኔ ጥቅምት 5 አካባቢ ነው ተብያለሁ። የምሠራው ካዛንቺስ፣ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ልጄ 3 ዓመት ከ2 ወሩ ነው። ቢሮዬ አጠገብ ያለ ዴይኬር ይውላል። ጠዋት አብረን ወጥተን ማታ አብረን እንገባለን። ከቀበና አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ካዛንቺስ፣ ሁለት ታክሲ ነው።

ከመስከረም ጀምሮ ግን እኔ ቤት ነኝ። ማን ያደርሰዋል? ባለቤቴ ሥራው ቃሊቲ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቤት ይወጣል። ዴይኬሩ የሚከፈተው 1 ሰዓት ተኩል ነው። «ቢቀርም ሙሉ ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ አለዚያ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን» ብለውኛል። እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን ትመጣለች፤ ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ልጅ ተከትላ መሮጥ አትችልም። አማቴ ደግሞ «ቤት ቁጭ ብለሽ ልጅሽን ለሰው ትሰጫለሽ?» ይሉኛል።

ልጄ ጆሮዬን ሳይዝ አይተኛም። ላስወጣው? ወይስ እየከፈልኩ ይቆይ? ጥር ላይ ሥራ ስመለስ ቦታ ባጣስ?

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ካዛንቺስ

እህቴ፣ እኔ አስወጥቻት ነበር። ልንገርሽ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አላት። ከዚያ ሰለቻት። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳጠባ አድሬ ቀን እንቅልፍ ሲጥለኝ እሷ መጫወት ትፈልጋለች። ቀኑን ሙሉ «ዝም በይ፣ ሕፃኑ ተኝቷል» ስላት እውል ነበር። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። አራት ወር ቆይታ ስመልሳት ሦስት ሳምንት አለቀሰች። እንደ አዲስ ነው ያለመድኳት።

ሦስተኛዬን ስወልድ ለሁለተኛው ልጄ ሌላ ነገር አደረግኩ። ኃላፊዋን ቁጭ ብዬ አነጋገርኳት። በሳምንት ሦስት ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ይምጣ፣ ግማሽ ልክፈል አልኩ። መጀመሪያ እምቢ አለች። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ በወረቀት ጽፌ ሳመጣ ግን ተስማማች። አንቺም «ለተወሰነ ጊዜ» አትበያቸው፤ የምትመለሺበትን ቀን ንገሪያቸው። የጥር ቦታው የእሱ መሆኑንም በጽሑፍ ተቀበዪ።

መልስ፦ የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ፣ ሜክሲኮ

ቀኑን ላስላልሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለሽ። ከመስከረም 5 ብትወጪና ጥቅምት 5 ብትወልጂ፣ 90 ቀኑ ጥር 5 ገደማ ያልቃል። ሰው የማያስተውለው ግን ይህን ነው፦ ቀድመሽ ከወለድሽ 90 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከወለድሽ ጀምሮ ነው። መስከረም 25 ብትወልጂ ታኅሣሥ 25 ያልቃል፤ ከገና በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ለዴይኬሩ ጥር 5 ብቻ አትበያቸው፤ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ቦታውን ያዢ።

የዓመት ፈቃድ ካለሽ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር አያይዘሽ ለመውሰድ ከአሁኑ ጠይቂ። ለባለቤትሽ ሕጉ የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። እሱም የዓመት ፈቃዱን ሳይጨርስ ለጥቅምት ያቆይ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ አራት ኪሎ

እኔ አልስማማም። ልጄን አስወጥቼ ቤት ነው ያዋልኩት፣ ምንም አልሆነም። የሰፈር ልጆች ግቢያችን ውስጥ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ አንዲት ልጅም ቀጥሬ ነበር። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆንሽ ግን የኔን ምክር ተዪው። ወይም አሁኑኑ ቀበና ውስጥ ዴይኬር ፈልጊና ቀይሪው። እናትሽ በእግሯ አድርሳው ትመለሳለች።

መልስ፦ ዴይኬር ውስጥ የምሠራ፣ ስታዲየም አካባቢ

ይህን በየዓመቱ ስለማየው ትንሽ ላስረዝም።

መቀየር ከፈለግሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐምሌ ላይ ቀይሪው። አዲስ ቦታ፣ አዲስ ሚስ፣ አዲስ ሕፃን፣ ሁሉም ጥቅምት ላይ ከተደራረበበት ይከብደዋል። ከወለድሽ በኋላ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ወር ይለፍ። ልጆች የሚጎዳቸው ዴይኬር መዋላቸው አይደለም። «ሕፃኑ መጣና እኔን አስወጡኝ» ብለው ሲያስቡ ነው የሚጎዱት። ልክ በወለድሽ ሳምንት መላክ መጀመርም፣ ልክ በዚያ ሳምንት ማስቀረትም አንድ ነው። የለመደው ነገር እንዳለ ይቀጥል።

ለሚሱ አስቀድመሽ ንገሪያት። ሱሪው ላይ መሽናት ቢጀምር፣ ቢናከስ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ቢያወራ ምክንያቱን ታውቀዋለች። እኛ ሳንሰማ ስንቀር ልጁን ባለጌ እናደርገዋለን፤ ያሳዝናል። በወለድሽ ሰሞን ዳይፐር ለማስተው ወይም አልጋ ለመለየት አትሞክሪ። አልጋ የምትለዪው ከሆነ አሁን፣ ሳትወልጂ።

ጆሮሽን ይዞ ነው የሚተኛው ብለሻል። የምትለብሺውን ሻርፕ ሳታጥቢ ቦርሳው ውስጥ ክተቺለት። የቀን እንቅልፍ ላይ ይዞት ይተኛል። ብዙ ልጅ በዚህ ተረጋግቶ አይቻለሁ።

ልጁን የሚወስዱትን ሰዎች ስም፣ ፎቶና የመታወቂያ ኮፒ ከመስከረም በፊት ስጫቸው። ምጥ ሌሊት ይመጣል፣ ቀንም ይመጣል። አንቺ ሐኪም ቤት፣ ባለቤትሽ አጠገብሽ ሆኖ፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ የማናውቀው አጎት ቢመጣ ልጁን አንሰጥም።

መልስ፦ አባት፣ ቀበና

ለኔም ማመላለሱ ነበር ጭንቀቱ። ዴይኬሩን «በእኛ መስመር የሚመጣ ሌላ ልጅ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁለት ቤተሰብ ሆነን አንድ ኮንትራት ታክሲ ያዝን። የልጁ አያት ወይም አንዷ እናት አብራ ትሄዳለች፤ ልጅ ከሹፌር ጋር ብቻውን አንልክም። ለአንድ ሰው ውድ ነው፣ ለሁለት ሲካፈል ይቻላል። እና ወንድሜ ባለቤትሽ አሠሪውን ያናግር፤ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰዓት ዘግይቶ ገብቶ ማታ ማካካስ ይችላል። እኔ ሳልጠይቅ ሁለት ወር አባከንኩ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ ነርስ፣ ፒያሳ

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ትልቁ ልጅ ጉንፋን ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ከዴይኬር ሲገባ እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ፣ ልብሱን ይቀይር፣ ከዚያ ሕፃኑን እግሩን ይሳም። ፊቱን አይሳም። የትልቁን የክትባት ካርድ አሁኑኑ አውጥተሽ እዪ፤ የቀረ ካለ ይሟላ። የሕፃኑ የትክትክ ክትባት የሚጀምረው በ45 ቀኑ ነው፤ እስከዚያ ጠንቀቅ በዪ። የሚያስለው ሰው፣ ጠያቂም ቢሆን፣ ሕፃኑን አይታቀፍ። ሕፃኑ ቢያተኩሰው ወይም ጡት እምቢ ቢል ቤት ሆነሽ አትጠብቂ፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ።

አማትሽን አትቀየሚያቸው። ለልጁ ብለው ነው። ሲመጡ ትልቁን ልጅ እሳቸው ዘንድ አንድ ቀን ይዋል፤ ወግ ይንገሩት። ለእሱም ለአንቺም ትልቅ እገዛ ነው።

ጠያቂዋ፣ ከአምስት ቀን በኋላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እማማ፣ ክትባቱን አይቻለሁ፣ የተሟላ ነው። አማቴ ዓርብ ዓርብ ልጁን እየመጡ ሊወስዱት ተስማሙ፤ በጣም ደስ አላቸው።

ቀበና ሁለት ዴይኬር አየሁ። አንዱ ልጆቹን ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጣል። ሌላው ጥሩ ነው፣ ግን እስከ ጥር ቦታ የለውም። ስለዚህ ካዛንቺስ ይቆያል። ቀኖቹን ጽፌ ወሰድኩላቸው። እስከ ታኅሣሥ 20 በሳምንት ሦስት ቀን እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ ከክፍያው ሁለት ሦስተኛውን ልከፍል ተስማማን። ግማሽ አላሉኝም፣ ግን ቦታው ተይዟል፣ ወረቀቱም እጄ ላይ ነው። ባለቤቴ ማክሰኞ ጠዋት ያደርሰዋል፤ አለቃው ፈቅዷል። ለመውሰድ ታናሽ እህቴ ሦስቱንም ቀን ትመጣለች፤ ፎቶዋን ሰጥቻለሁ። ሻርፑን ትናንት ላክሁለት፣ ሚሱ አቅፎት ተኛ አለችኝ።

የቀረኝ የሰኞና የረቡዕ ጠዋት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከቀበና ወይም ከአራት ኪሎ ወደ ካዛንቺስ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ልጅ የምታደርሱ ካላችሁ፣ ኮንትራት እንካፈል። እናቴ አብራ ትሄዳለች።