ገንዘብ ሳያጠራቅሙ መውለድ ኃላፊነት የጎደለው ነውን? (ክርክር)

ጥያቄው፦ የሒሳብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆኖናል። እኔ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እርሷ በግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ የምንኖረውም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው። ልጅ ከመውለዳችን በፊት የስድስት ወር ወጪያችንን በባንክ ለማስቀመጥ ተስማምተን ነበር፤ ነገር ግን ወደ ግቡ በተጠጋን ቁጥር ግቡ ራሱ ይርቀናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚገቡት ዳይፐርና የጣሳ ወተት በደብተራችን ከጻፍነው ዋጋ ጋር ጨርሶ አልገናኝ አሉ። እናቴ በደወለች ቁጥር «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ትለኛለች፤ ባለቤቴ ደግሞ በዕድል ተማምና ልጅ ወደዚህ ዓለም ማምጣት አትፈልግም። የምናመነታው እኛ ብቻ እንዳልሆንን አውቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጆች እንደምትወልድ ሲያሳይ የአዲስ አበባው 1.8 ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በቂ ገንዘብ ሳይይዙ መውለድ ልጁን መበደል ነው? ወይስ ስሕተቱ መጠበቁ ነው?

የአራት ልጆች አባት፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለድነው በ1978 ዓ.ም.፣ ከ1977ቱ ረሃብ ማግሥት ነው። ሁለተኛው የተወለደው ጦርነቱ እየገፋ በመጣበት ጊዜ፣ ሦስተኛው ደግሞ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው። ዘመን እስኪረጋ ብንጠብቅ ኖሮ አንዱንም ባላየን ነበር። እናትህ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ሲሉ ገንዘብ ከሰማይ ይወርዳል ማለታቸው እንዳይመስልህ። ባለቤቴ አራስ ሳለች የገንፎውን ዱቄት ያመጣችው የባልንጀራዬ ሚስት ናት፤ ቅቤው ከአክስቴ ቤት መጣ፤ ትልቁ ልጄ የለበሰውን ታናናሾቹ በተራ ለበሱት። እኛ ዕድል ስንል ይህንን ነበር የምንለው። አንተ በባንክ ደብተር ልትሞላው የምትታገለውን ጎድጓዳ እኛ በሰው ነበር የሞላነው። ደግሞም ዕድሜ አይጠብቅም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲያልፍ እርግዝናው ራሱ ሌላ ወጪና ሌላ ሥጋት ይዞ ይመጣል።

አዋላጅ ነርስ፣ አዲስ አበባ

አባቴ ያሉትን አከብራለሁ፤ ሆኖም ያ ዕድል ሲጎድል ፊት ለፊት የማየው እኔ ነኝ። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የድኅረ ወሊድ እንክብካቤና የሕፃናት ክትባት ያለ ክፍያ ነው የሚሰጠው። ይህን ሳያውቁ ለወሊድ ብቻ ብለው ዓመታት የሚጠብቁ ባለትዳሮች አጋጥመውኛልና በቅድሚያ ይታወቅ። ነገር ግን ነጻ መሆኑ ሁሉም ነገር በመደርደሪያው ላይ አለ ማለት አይደለም። መድኃኒት ወይም ጓንት ሲያልቅ ለቤተሰቡ ማዘዣ ጽፈን ከውጭ ግዙ እንላለን። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ወጣት አባት ማዘዣውን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ ብሩን ሁለት ጊዜ ከቆጠረ በኋላ ለወንድሙ ሲደውል ሰማሁት፤ ሚስቱ ውስጥ በምጥ ላይ ናት። የጎደለው የስድስት ወር ወጪ አልነበረም፤ ለዚያች ሌሊት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ጠያቂው ወንድሜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው፣ ከስምንተኛው ወር ጀምሮ የማይነካ፣ በባንክ ሳይሆን በእጅ የሚቀመጥ የአንድ ሌሊት ገንዘብ ነው። ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግና ቤተሰቡ የግል ሆስፒታል ቢመርጥ ግን ሒሳቡ ሌላ ስለሆነ፣ የሚወልዱበትን ቦታ አስቀድመው ወስነው ዋጋውን በአካል ሄደው ይጠይቁ።

የዘጠኝ ወር ሕፃን እናት፣ ሐዋሳ

ሰው ሁሉ የሚቆጥረው ለወሊዱ፣ ለገንፎውና ለክርስትናው ነው። እኛም እንደዚያ ቆጥረን ነበር። ዋጋ ይጨምራል ብለን በሰባተኛው ወር ስድስት እሽግ ትንሹን ቁጥር ዳይፐር ገዝተን ቁም ሣጥኑ ላይ ደረደርን። ልጃችን አራት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተወለደ፤ በሦስተኛው ሳምንት የዳይፐሩ ላስቲክ ጭኑ ላይ ቀይ መስመር ማውጣት ጀመረ። ሦስቱ እሽግ ሳይከፈት ቀረ፤ ታች ፎቅ ያለች ነፍሰ ጡር ባትወስድልን ኖሮ ባክኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ ዕቃ አከማቹ ለሚሉ ሰዎች፣ ሳሙናና የልብስ ማጠቢያ ይከማቻል፣ በልጁ ልክ የሚገዛ ነገር ግን አይከማችም እላለሁ።

ማንም ያልነገረን የዘጠና አንደኛውን ቀን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል፤ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው። በሌላ በኩል የጤና ባለሙያዎች እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም እንኳ እንዳይሰጠው ይመክራሉ። በሕጉና በምክሩ መካከል ሦስት ወር ክፍት አለ፤ የሕፃን ወጪ የሚባለው ትልቁ ገንዘብም የሚፈሰው በዚያ ክፍተት ነው። እኔ በዘጠና አንደኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ወተቴን የማልበው በመዝገብ ክፍሉ ውስጥ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ነበር፤ አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ፋይል ፈልጎ ሲገፋው ጠርሙሱ ከእጄ ወደቀ፤ የዚያን ዕለት ልጄ የሚጠጣው እርሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ወተቴ እየቀነሰ ሄደ፣ የጣሳ ወተት ጀመርን፣ ሞግዚት ቀጠርን፣ ደመወዜም ለሁለቱ ብቻ እየዋለ አለቀ።

ለዚህ ነው ጠያቂው የያዙት የስድስት ወር ግብ ልክ አይደለም የምለው። ግቡ የሚሸሸው በሸቀጥ ዋጋ ስለተተመነ ነው። በባለቤትዎ የሦስት ወር ደመወዝ ቢተምኑት ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ ደመወዝ በየሳምንቱ አይለወጥምና። ያ ገንዘብ ከ91ኛው ቀን እስከ ስድስተኛው ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ ቤት እንድትቆይ ያስችላታል፤ እስከዚያ ሞግዚትም የጣሳ ወተትም አያስፈልግም። ፈቃዱን ግን ከመፀነሷ በፊት ከትምህርት ቤቱ ጋር በጽሑፍ ትነጋገርበት፤ ሕጉ አያስገድዳቸውም። ሕጉ የሚከለክለው በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ እስከ አራት ወር ከሥራ ማሰናበትን ነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በግል ድርጅት የምንሠራ እናቶችም ይህ ይገባናል፤ የወሊድ ፈቃዱም ስድስት ወር ሊሆን ይገባል።

የልብስ ስፌት ድርጅት ባለቤት፣ አዳማ

እህቴ፣ እኔም እናት ነኝ፤ የመዝገብ ክፍሉን ነገር ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ነገር ግን ስድስት ወር ሲባል ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ይነሣ። ዛሬ የወሊድ ፈቃዱን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ዘጠኝ ሠራተኞች አሉኝ፤ ባለፈው ዓመት ሁለቱ በአንድ ወር ውስጥ ወለዱ፤ ለሁለቱም ከፈልኩ፣ በቦታቸው ለቀጠርኳቸውም ከፈልኩ። ጊዜው እጥፍ ቢሆን እንደ እኔ ያለ አሠሪ ወጣት ሴት መቅጠር ይፈራል፤ ይህ ደግሞ ልንረዳት የፈለግናትን ሴት ከነጭራሹ ከሥራ ያስቀራታል። ለጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ እናዋጣለን። ለወሊድም ከወንዱም ከሴቷም፣ ከትልቁም ከትንሹም ድርጅት ጥቂት በመቶ ቢዋጣና ደመወዙ ከዚያ ቢከፈል፣ እኔ ስድስት ወሩን በሁለት እጄ እደግፋለሁ።

ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ

እዚህ ያለው የፌዴራል ሕግ 12 ሳምንት ፈቃድ ብቻ፣ ያውም ያለ ደመወዝ፣ ያውም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት ለሠራ ሰው ነው የሚሰጠው። ባለቤቴ ስትወልድ ያተረፈን እቁባችን ነው፤ አባላቱን ለምነን ዕጣችንን ወደ መውለጃዋ ወር አዛወሩልን። ጠያቂውም እቁብ ካለዎት ይህንን አስቀድመው ቢያነጋግሩ ይጠቅማል።

የአራት ልጆች አባት፣ ደብረ ብርሃን

የሐዋሳዋ ልጄ ያለችውን ደግሜ አነበብኩት። በእኛ ጊዜ ዘጠና አንደኛ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባለቤቴ ቤት ነበረች፣ እናቴም አብራን ትኖር ነበር። ሰው ይሞላዋል ያልኩት ያ ሰው በቤት ውስጥ ስለነበረ ነው። ይህን ሳላስብ ፈርጄ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ዘመን እስኪረጋ አትጠብቁ ያልኩትን ግን አልለውጥም።

የሒሳብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ደብተሩን አውጥተን የስድስት ወሩን ሰንጠረዥ ሰረዝነው፤ በምትኩ የእርሷን የሦስት ወር ደመወዝና የአንድ ሌሊቱን ገንዘብ ጻፍን። ካጠራቀምነው ጋር ስናስተያየው የቀረን የአምስት ወር ቁጠባ ነው። በዚህ ላይ ሁለታችንም አንድ ቃል ሆነናል።

ያልተስማማነው በእናቴ ጉዳይ ነው። ከስድስተኛው ወር በኋላ ባለቤቴ ሥራ ስትገባ ልጁን እናቴ እንድትይዝልን አስበን ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት፤ ለመምጣት ደስ ብሏታል። ባለቤቴ ግን ላሟንና ጓሮዋን ጥላ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበትን ዕድሯን ትታ አራተኛ ፎቅ ላይ ትቀመጥ ማለት ወጪያችንን በእርሷ ላይ መጫን ነው ትላለች። አያት ያስመጣችሁ ካላችሁ እንዴት እንደተስማማችሁ፣ በየወሩ የምትሰጧት ነገር ካለም ስንት እንደሆነ ብትነግሩን እንጠቀምበታለን።