ከረሜላ አልበላም፣ ጥርሴ ለምን ተቦረቦረ?

ልብስ ሰፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ ልብስ እሰፋለሁ፣ ዕድሜዬ 34 ነው። ባለፈው ሳምንት የግራ መንጋጋዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ አደረና ሐኪም ጋ ሄድኩ። «ሦስት ጥርስ ተቦርብሯል፤ ጣፋጭ ታበዣለሽ» አለኝ። ኧረ እኔ! ከረሜላ አልወድም። ለስላሳ የምጠጣው ሰርግ ላይ ነው። ጠዋትና ማታ እቦርሻለሁ። ያለኝ ሱስ ሻይ ብቻ ነው። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ብርጭቆ አይጠፋም። ኪስ ሰፍቼ ፉት፣ ክር ቀይሬ ፉት እላለሁ። ቢቀዘቅዝም አልደፋውም። እስከ ማታ 4 ብርጭቆ ቢሆን ነው፣ በብርጭቆ 2 ማንኪያ ስኳር። ይሄ ጥርስ ያበላሻል እንዴ?

ሹፌሩ፦
ትል ገብቶበት ይሆናል። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ነበር የምታስይዘኝ።

የጥርስ ሐኪም ነኝ፦
ወንድሜ፣ ትል የሚባል ነገር የለም። ነጭ ሽንኩርቱንም ተወው፣ ድድ ያቃጥላል።
እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። «ፉት» ያልሽው ነው። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው አሲድ ያወጣሉ። የአፍ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ወደ 5.5 አካባቢ ሲወርድ የጥርስ ሽፋን ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ ያንን አሲድ ለማርከስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንቺ በየ10 ደቂቃው ፉት ካልሽ ምራቅሽ መቼ ይድረስ? ያንኑ ሻይ ከምግብ ጋር ቶሎ ብትጨርሺው ለጥርስሽ ይሻለው ነበር። የስኳሩ መጠንም ቢሆን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይላል። ያ 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አንቺ በሻይ ብቻ 8 ደርሰሻል።

ልብስ ሰፊዋ፦
ጉድ! ለካ ጾም ላይ ሕመሙ ጋብ የሚልልኝ ለዚህ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። ስኳሩን ትቼ ሎሚ ብጨምቅበትስ?

የጥርስ ሐኪም ነኝ፦
ሎሚ ራሱ አሲድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እሱን ፉት ማለትም ሽፋኑን ይበላዋል። ከጠጣሽም አፍሽን በውሃ ተጉመጥመጪና ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት ቆይ። ያለ ስኳር ሻይ ግን የፈለግሽውን ያህል ጠጪ። የተቦረቦረው በራሱ አይሞላም፤ ነርቭ ሳይደርስ አስሞዪው።

የዝዋይ ልጅ፦
ከርዕሱ ብወጣም ልናገር። ዝዋይ ነው ያደግኩት፣ ጥርሴ ቡናማ ነው። ሰው ሁሉ አይቦርሽም ብሎ ያስባል። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ስለሚበዛበት ነው፤ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያለ ሽፋኑ ስለሚጎዳ ቀለሙ በብሩሽ አይለቅም።

ልብስ ሰፊዋ፦
ዛሬ ሻዬን ከቁርስ ጋር ጨረስኩት። መኪናው አጠገብ ያለው ውሃ ነው። ሻይ የምታመጣልኝ ልጅ አኩርፋኛለች። ማክሰኞ ላስሞላ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ግን መርፌው በጣም ያማል?

ሹፌሩ፦
ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዘሽ እየዋልሽ መርፌ ትፈሪያለሽ?