ብድር እምነት ማጉደል ሆኖ ለተፈረደበት ወንድሜ ምን ላድርግ?

ወንድሜ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 እምነት አጉድሏል ተብሎ የአንድ ዓመት ከስድስት ወር እስራት ተፈርዶበታል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደግሞ መልስ ሰጪን (ዐቃቤ ሕግን) እንኳ ሳይጠራ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 195 ይግባኙን ሰርዞታል።

እጄ ላይ የክሱ ቻርጅ፣ የሁለቱ ፍርዶች ግልባጭና ዐቃቤ ሕግ ራሱ በማስረጃነት ያቀረበው ውል አለ። ውሉ ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ነው፤ «120,000 ብር በብድር ተቀብያለሁ፣ በስድስት ወር እመልሳለሁ» ይላል፤ ሦስት እማኞች ፈርመውበታል። ቻርጁ ግን ይህንኑ ገንዘብ «በአደራ የተሰጠው» ይለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2471 መሠረት የብድር ገንዘብ ባለቤትነቱ ወደ ተበዳሪው ይተላለፋል። ታዲያ የራሱ የሆነውን ገንዘብ እንዴት አድርጎ ነው እምነት የሚያጎድልበት? ዕዳውን አልካድንም፤ በፍትሐ ብሔር ይጠየቅ።

ችግሩ ወዲህ ነው። ወንድሜ በሥር (ጉዳዩን መጀመሪያ ባየው) ፍርድ ቤት ጠበቃ አልነበረውም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 130 የክስ መቃወሚያ አላቀረበም፤ የተከራከረውም «ግማሹን ከፍያለሁ» እያለ ብቻ ነበር። ያማከርኩት አንድ ጠበቃ «በሥር ያልተነሣ ክርክር በሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ብቻ በሚያርመው ችሎት) አይሰማም» ብሎ መለሰኝ። ሌላው ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23(2) ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች (የሕጉ ድንጋጌ፣ ድርጊቱና የአድራጊው ሐሳብ) ካልተሟሉ ወንጀል ስለሌለ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ነው ይላል። የሰበር አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ እየሮጠብኝ ነው።

በክሱ የተዘረዘረው ፍሬ ነገር ወንጀሉን አያቋቁምም የሚለውን ክርክር፣ በሥር ሳይነሣ፣ በሰበር ለመጀመሪያ ጊዜ ማቅረብ ይቻላል?