ለኮርቻና ለልጓም ሥራ የሚሆን የስፌት መኪና ልገዛ ነበር

ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ኪሎ፣ ከጃን ሜዳ ብዙም ሳልርቅ የፈረስ ዕቃ እሠራለሁ፤ ልጓም፣ ልባብ፣ የኮርቻ መታጠቂያ። ቆዳው ሲደራረብ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። እስካሁን በወስፌና በሁለት መርፌ በእጄ ነው የምሰፋው። ስፌቱ አስተማማኝ ነው፣ ግን ትዕዛዝ ሲበዛ አልደርስም።

ቤት ባለው የእግር ሲንገር ሞከርኩ። ድርብ ቆዳ ላይ መርፌው ይሰበራል፤ ወፍራም ክርም አይቀበልም። ጫማ ሰፊው ጎረቤቴ በእጅ የሚዞረውን መኪናውን አዋሰኝ። እሱስ ይበሳል። ነገር ግን የታች ክሩ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ ቆዳውን የሚጫነው ጥርስም ፊቱ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ የስፌቱ መላላት ነው። መታጠቂያው ጋላቢው ላይ ቢተረተር ሰው ይጎዳል።

ያለኝ 70 ሺህ ብር ነው። መርካቶ ያገለገለ ጁኪ የስፌት መኪና አይቻለሁ፤ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉበት፣ የሚሰፋውን ከላይም ከታችም የሚስበው ዓይነት። ሞተሩ ጥሩ ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል።

ቆዳ የምትሰፉ ሰዎች፣ 10 ሚሊ ሜትር ቆዳ በ0.8 ሚሊ ሜትር ክር አጥብቆ ለመስፋት ይህ ጁኪ ይበቃኛል ወይስ በዚህ ገንዘብ የተሻለ መኪና አለ?